ጥላሁን ገሠሠ ከልጅነት እስከ ዝና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድምፃዊው ጥላሁን ልጅነትና አነሣሥ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምረን አስቀምጠናል፤ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥላሁን ገሠሠ መቼና የት ተወለደ?

መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ ይባላሉ። ቀኑ የመስቀል በዓል ስለሆነ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

ሲወለድ ከተማዋ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ሲሆን፣ ያኔ ጥላሁን የሰባት ወር ሕፃን ነው። ዘመኑን ማወቁ ይጠቅማል፤ በኋላ እሱን ያሳደጉት የሙዚቃ ቤቶች ሁሉ በአዲስ መልክ የተደራጁት ከዚያ ቀን በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። እሱና የከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል።

አንዱ 1932፣ አንዱ 1933፣ አንዱ ደግሞ 1940 ይላል። የቱን ልያዝ?

1933 ይያዙ። 1940 ያው ልደት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጻፍ ነው፤ መስከረም 17 ቀን 1933 ማለት እ.ኤ.አ. መስከረም (ሴፕቴምበር) 27 ቀን 1940 ነው። 1932 ግን የስሌት ስህተት ነው፤ የሚመጣውም ከፈረንጁ ዓመት ላይ ሁልጊዜ 8 ከመቀነስ ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከፈረንጆቹ ጥር እስከ ጳጉሜ ደግሞ 8። ጥላሁን የተወለደው በመስከረም ስለሆነ 1940 ሲቀነስ 7፣ 1933 ይሆናል።

ይኸው ስህተት የታኅሣሡን ግርግርም (የመንፈቅለ መንግሥት ሙከራውን) «1952» ያሰኛል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1960 ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1953 ነው። ያረፈበት ቀን ላይ ግን የሚሠራው 8 ነው፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2009፣ ማለትም ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። ዕድሜው 68።

ታዲያ ብዙ ሰው «የወሊሶ ልጅ» የሚለው ለምንድን ነው?

ያደገው ወሊሶ ስለሆነ። በልጅነቱ አያቱ ወስደው በዚያ አሳደጉት፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱንም የተከታተለው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። ወሊሶ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በዚያ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ «ጊዮን» የሚል ስም ካገኙ ያችው ወሊሶ ናት፤ ይህን ባለማወቅ ሌላ ከተማ የሚፈልግ ሰው አለ።

በኦሮምኛ ዘፈኖቹ አፉ እንዴት እንደዚያ እንደተፈታ የሚገርመው ሰውም መልሱን እዚሁ ያገኛል። ቋንቋው የልጅነት ሰፈሩ ቋንቋ ነው።

ሙዚቃ ውስጥ እንዲገባ የገፋፋው ማን ነው?

ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። የመጀመሪያው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ናቸው። ሚስተር ሼዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ሲሆኑ የልጁን ድምፅ ሰምተው «አዲስ አበባ ሂድ፣ ሙዚቃ ያዝ» ብለው አበረታቱት። አያቱ ግን ልጁ ከትምህርቱ ውጭ በሌላ ነገር እንዲጠመድ አልፈለጉም። በዚያ ዘመን መዝፈን «የአዝማሪ ሥራ» ተብሎ የሚናቅ ስለነበር፣ ልጁን አስተምሮ ለቁም ነገር ለማብቃት የሚደክም ሽማግሌ «አይሆንም» ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው የሀገር ፍቅር ቴአትር ባለሙያዎች ወሊሶ መምጣት ነው። ንጋቷ ከልካይ፣ እዮኤል ዮሐንስና ሌሎችም ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ትርዒት አሳዩ። ጥላሁን ከትርዒቱ በኋላ አቶ እዮኤልን አነጋገራቸው፤ እሳቸውም ይህን ሥራ ከፈለገ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ነገሩት። ታሪኩን የቀየረው ይህ አጭር ንግግር ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ የነበረው ምኞት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት አድራሻና የሚጠይቀው ሰው አገኘ።

ከወሊሶ በእግሩ መጣ የሚባለው እውነት ነው?

በእግሩ መነሣቱ እውነት ነው፤ በእግሩ አዲስ አበባ መድረሱ ግን አይደለም። አያቱን ሳያስፈቅድ ትምህርቱን ጥሎ በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቀና። ቱሉ ቦሎ ሲደርስ መሸበትና ዘመድ ቤት አደረ። መጥፋቱ ተሰምቶ ስለነበር ከዚያው ተይዞ ወደ ወሊሶ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሙከራ ነው የተሳካው። ያኔ በእግር መሄዱን ትቶ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ገባ። ሁለቱ ጉዞዎች በሰው አፍ አንድ ላይ ተቀላቅለው «114 ኪሎ ሜትር በእግሩ» የሚለው ወሬ ተወለደ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከወሊሶ በኋላ ቱሉ ቦሎ፣ ተፍኪ፣ ዓለም ገና እያለ ከተሞቹን ቢቆጥር፣ ልጁ የተያዘው ገና ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ እንደነበር ይረዳል።

አዲስ አበባ እንደገባ የት ተቀጠረ?

ፒያሳ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር። ድርጅቱ በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በደጅ ሳለ በአቶ መኮንን ሀብተወልድ አስተባባሪነት እንደ ማኅበር የተቋቋመ ነው፤ ዓላማውም ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ለአገሩ ማነሣሣት ነበር። ከነጻነት በኋላ ፒያሳ ላይ ቴአትር ቤት ሆኖ ቀጠለ። አንድ የክፍለ ሀገር ልጅ ዘፋኝ ልሁን ብሎ ከተማ ሲገባ የሚያንኳኳው በር ይህ ነበር።

ሀገር ፍቅር ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት የሆነበት ምክንያት የመድረኩ ዓይነት ነው። በአንድ ትርዒት ውስጥ ድራማ፣ ውዝዋዜ፣ ግጥምና ዘፈን ተከታትለው ይቀርባሉ። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይሰማሉ። በዚህ መሀል የቆመ ልጅ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ከየባለሙያው አፍና ጣት በቀጥታ ይማራል። ጥላሁን ከጊዜ በኋላ በሳክስፎንና በትራምፔት መሀል ሲዘፍን እንኳ ዜማውን የሚጎትትበትና የሚሰብርበት መንገድ ያገር ቤቱን ለዛ አልለቀቀም። ለዚህ መሠረቱ ሀገር ፍቅር ይመስለኛል።

ስሙ በአዲስ አበባ መጠራት የጀመረው ታዲያ በሀገር ፍቅር ነው?

ጅማሬው እዚያ ነው፤ ስሙ የገነነው ግን ወደ ክብር ዘበኛ (የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር) ሙዚቃ ክፍል ከተዛወረ በኋላ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ፦ ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ከ1948 ወዲህ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። መሣሪያው፣ አሠልጣኙና መለማመጃው ያለው በእነሱ እጅ ነው። በግሉ ባንድ አቋቁሞ ሳክስፎንና ትራምፔት ገዝቶ ማታ ማታ የሚጫወት ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክብር ዘበኛ መግባት ለአንድ ዘፋኝ ሦስት ነገር ይሰጠው ነበር። አንደኛ ደመወዝ፤ ያም ማለት በየቀኑ መለማመድ ይችላል። ሁለተኛ ኖታ የሚያነቡ የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾችና ዜማ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች፤ ከእነዚህ አንዱ ሣህሌ ደጋጎ ናቸው። ሦስተኛ ትልቅ መድረክ፤ በቤተ መንግሥትና በብሔራዊ በዓላት፣ እንዲሁም በሬዲዮ። ዋጋም ነበረው፦ ዘፋኙ በውትድርና ሥርዓት ሥር ነው፤ ያሰኘው ቦታ ሄዶ አይዘፍንም፤ አዛዡ የሚወድቅበት ቀን ከመጣም አብሮ ይወድቃል። በ1953 የደረሰውም ይኸው ነው።

ሸክላም ካሴትም ሳይኖረው እንዴት ታወቀ?

ይህ ጥያቄ ትኩረት ይገባዋል፤ ዛሬ የአንድን ዘፋኝ ዕድገት በአልበም ስለምንቆጥር የጥላሁንን መንገድ አጥርተን አናየውም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩም በዚህ መብት ብዙ አልሠራበትም። ገበያውን የሰበረው አምሐ እሸቴ ነው፤ ድንጋጌው እያለ በራሱ ኃላፊነት እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ካሴት ደግሞ ከዚያም ቆይቶ ነው የተስፋፋው።

ስለዚህ ጥላሁን ስሙን የተከለው በሁለት ነገር ነው፦ በመድረክና በሬዲዮ። ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ቢሆንም ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ደጅ ላይ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። መድረኩ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። የሚያርመው የስቱዲዮ ባለሙያ የለም፤ ከኋላው ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ ባንድ ላይ ሲነሡ ድምፁ ከነሱ በላይ ካልወጣ ዘፈኑ አይሰማም። ጥላሁን ግን ይወጣ ነበር፤ ቃሉም ሳይዋጥ አንድ በአንድ ይሰማል። ስለ እሱ ከማናቸውም በላይ መነገር ያለበት ይህ ነው፤ ሸክላው ሲመጣ ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ በሕዝብ ፊት የተፈተነ ድምፅ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ምን ደረሰበት? ለምንስ ታሰረ?

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመንፈቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። ምድር ጦርና አየር ኃይል አልተባበሩም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውጊያ ተደርጎ ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ የሙዚቃ ክፍሉም አልተረፈም። ጥላሁንም ታሰረ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ተፈታ።

አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዕድሜውን ነው። ከመስከረም 1933 እስከ ታኅሣሥ 1953 ሃያ ዓመት ከሦስት ወር አይሞላም። ከአያቱ ቤት ጠፍቶ፣ ሀገር ፍቅርን አልፎ፣ በአገሪቱ ትልቁ ባንድ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ታስሮም ያየው ሁሉ ከሃያ አንድ ዓመቱ በፊት ነው። «ወጣትነቱን በዝና ነው ያሳለፈው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው።

ከእስር በኋላ ዝናው አልቀነሰም?

አልቀነሰም። ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተዛወረ፤ እዚያም ስሙ ጨመረ እንጂ አልጎደለም። ሕንጻውን ጣሊያኖች ለሲኒማ ጀምረውት ነበር፤ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተመረቀ። ኦርኬስትራውን ለረጅም ጊዜ የመሩትና ያሠለጠኑት ኔርሲስ ናልባንዲያን ናቸው፤ የኢትዮጵያን ቅኝት በትልቅ ባንድ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል ብዙ የደከሙ አርመናዊ።

ለውጡ ለድምፁ የሚመች ነበር። ከወታደር ቤት ወጥቶ ለሙዚቃና ለድራማ ተብሎ ወደተሠራ አዳራሽ ገባ፤ የሚሰማውም ትኬት ቆርጦ፣ ቦታውን ይዞ፣ እሱን ለመስማት የመጣ ሰው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዘፍኗል?

አዎ፣ በሕይወት ታሪኩ ሦስት ጊዜ እንደቀረበ ተጽፏል። ተሰጥዖውን እንዳያባክን መክረውታል ተብሎም ይነገራል። ከዚህ አልፎ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረውን ረጅም የ«ጃንሆይ አሉት፣ እሱም መለሰ» ንግግር አትመኑት።

ማህሙድ አሕመድን ያስጀመረው ጥላሁን ነው?

አይደለም፤ ሁለቱን ያገናኘው ባንዱ ነው። ማህሙድ አዲስ አበባ መርካቶ ያደገ፣ ጫማ ሲጠርግ የኖረ ልጅ ነው። በኋላ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ በሚያመሹበት አሪዞና ክለብ ተላላኪና ሠራተኛ ሆነ። አንድ ማታ ዘፋኝ ሳይመጣ ሲቀር ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ዘፈነ። ክብር ዘበኛ የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፃዊት ብዙነሽ በቀለም ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጣች ናት።

የሁለቱን አነሣሥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ያስተምራል። ጥላሁን ከገጠር መጥቶ በቴአትር ቤት በር ገባ፤ ማህሙድ ከከተማው መሀል ተነሥቶ በምሽት ክለብ በር ገባ። ጥቂት ዓመታት ብቻ ቢለያያቸውም የማታው አዲስ አበባ በመካከሉ ተለውጧል፤ ክለቦች በዝተዋል፣ ሙዚቀኛውም ከወታደር ቤት አጥር ውጭ ማምሸት ጀምሯል።

የልጅነት ድምፁን ልሰማ ብል የትኛውን ቅጂ ልፈልግ?

ብዙ ሰው ኢትዮፒክስ ከተባሉት ተከታታይ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች ቁጥር 17ን ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ የጥላሁን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። ግሩም ስብስብ ነው። ነገር ግን የተወሰደው ከሸክላው ዘመን ስለሆነ የምትሰሙት ወደ ሠላሳ ዓመቱ የተጠጋውን፣ ያለፈውንም ጥላሁን ነው፤ የሀገር ፍቅሩን ልጅ አይደለም። ቅጂው ከየት ዘመን እንደሆነ ለመለየት አጃቢውን አድምጡ፤ ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ከሰማችሁ የኋላው ዘመን ነው። የነፋስ መሣሪያው ብዙ ሆኖ በአንድ ላይ የሚነሣና የሚወርድ፣ አኮርዲዮንም ያለበት ከሆነ ወደ ቀድሞው የመቅረቡ ዕድል ሰፊ ነው። በቪዲዮው ርዕስ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማመን ግን አደጋ አለው፤ ቪዲዮውን የጫነው ሰው በልቡ የገመተውን ነው የሚጽፈው።

ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ቴፑ ትንሽ ፈጥኖ ከዞረ ድምፁ ይቀጥናል፤ ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ቢጨምር ዜማው በግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ሰው ይህን ሰምቶ «ልጅ እያለ የዘፈነው ነው» ይላል። ለማጣራት ያንኑ ዘፈን ከሸክላ በቀጥታ ከተገለበጠ ቅጂ ጋር አስተያዩት፦ ሁለቱን እኩል አስጀምሩና የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ተመልከቱ። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን አሥራ አራት ሰከንድ ያህል ቀድሞ ካለቀ፣ የቀጠነው ቴፑ ነው እንጂ የዘፋኙ ዕድሜ አይደለም።

ያደገባቸውንና የሠራባቸውን ቦታዎች በእግር ማየት ይቻላል?

የአዲስ አበባዎቹ በግማሽ ቀን ያልቃሉ። ከፒያሳ ጀምሩ፤ ሀገር ፍቅር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም። ፒያሳ በ2016 ብዙ ቤቶች ፈርሰው መንገዱም ስለተቀየረ «ከእገሌ ሱቅ አጠገብ» የሚለው የድሮ ምልክት አይሠራም፤ ቴአትር ቤቱን በስሙ ጠይቁ። ከዚያ በማዘጋጃ ቤት በኩል ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር ውረዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ወደ ታች መሄዱ ይሻላል፣ ዳገቱ ቀላል አይደለም። የድንጋይ አንበሳው ሐውልት ሲታያችሁ ብሔራዊ ደርሳችኋል። መራመድ ያልፈለገ ታክሲ ይዞ «ብሔራዊ» ቢል ይበቃዋል።

መጨረሻው አራት ኪሎ ነው። ጥላሁን ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎለት ያረፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እሑድና በዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፤ በቅዳሴ ሰዓት በመቃብሮቹ መካከል መዘዋወር አይመችም። ወሊሶን ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ይመድብ፤ በጠዋት ከተነሣ ደርሶ መልስ ይሆንለታል።